የከሸፈው የባሩድ ሴራ

እንግሊዞች በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ማታ እሳት አንድደው፣ ርችት ተኩሰው፣ በጨርቅና በጭድ የተሠራ ሰው ያቃጥላሉ። እሳቱ ደመራ ለለመደ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ የሚቃጠለው ሰውዬ ነው። ጋይ ፎክስ ይባላል። በ1605 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስን ከነመኳንንቱ በባሩድ ሊያጋይ ሲል ተይዟል።

የሴራው ጠንሳሽ ግን ሮበርት ኬትስቢ የተባለ ባላባት ነበር። በዚያ ዘመን ካቶሊኮች የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ባለመሳለማቸው መቀጮ ይከፍላሉ፤ ቀሳውስታቸውም ይታደናሉ። ጄምስ ሲነግሥ ይቀልልናል ብለው ነበር፤ አልቀለለም። ኬትስቢ ከራሱ ጋር 13 ሰዎች አሰባሰበ። ፎክስ የተፈለገው በስፔን ጦር ውስጥ ሲዋጋ የኖረ፣ ባሩድ የሚያውቅ ወታደር ስለሆነ ነው።

ሴረኞቹ ከመኳንንቱ ምክር ቤት አዳራሽ ሥር ያለውን ምድር ቤት ተከራዩ። አዎ፣ ተከራዩ! 36 በርሜል ባሩድ አስገብተው በማገዶ ሸፈኑት። ንጉሡ የምክር ቤቱን ጉባኤ የሚከፍትበት ቀን ሲቃረብ፣ ከመኳንንቱ አንዱ የሆነው ሎርድ ሞንቲግል፣ ከጉባኤው እንዲቀር የሚመክር ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ደረሰው፤ እሱም ለንጉሡ ሹማምንት ሰጠ። ፈታሾቹ መጀመሪያ የማገዶ ክምርና አንድ አገልጋይ አይተው ሄዱ። እኩለ ሌሊት ገደማ ሲመለሱ ያንኑ “አገልጋይ” ከነማቀጣጠያ ክሩ ያዙት። ስሜ ጆን ጆንሰን ነው አላቸው። በለንደን ግንብ ሲሰቃይ የሰጠው ቃል ዛሬም በቤተ መዛግብት አለ፤ ከሥቃዩ በኋላ የፈረመው ፊርማ ተንቀጥቅጦ ሊነበብ እንኳ ያስቸግራል። ኬትስቢ ደግሞ ሸሽቶ ሳለ፣ ዝናብ ያረጠበውን ባሩድ እሳት ዳር ሲያደርቁ ፈንድቶ አቃጠለው፤ በማግስቱ በጥይት ተገደለ።

በ1606 ምክር ቤቱ ኖቬምበር 5 የምስጋና በዓል እንዲሆን ደነገገ፤ ሕጉ እስከ 1859 ጸንቷል። በእኔ ግምት በዓሉ ለብዙ ዘመን ከምስጋና ይልቅ ካቶሊክን ማስፈራሪያ ነበር፤ የሮማው ጳጳስ ምስል ጭምር ይቃጠልበት ነበርና። አሁን ሃይማኖቱ ተረስቶ ርችቱ ቀርቷል። ይባስ ብሎ፣ በ1980ዎቹ በአንድ የሥዕል ልብወለድ የተሣለው የፎክስ ጭምብል የመንግሥት ተቃዋሚዎች ፊት ሆኗል።

የንጉሡ ጠባቂዎች ዛሬም የምክር ቤቱ ጉባኤ ከመከፈቱ በፊት ፋኖስ ይዘው የሕንፃውን ምድር ቤት ይፈትሻሉ። ፎክስ የተማረበት የዮርክ ቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት ግን የቀድሞ ተማሪውን ምስል አያቃጥልም።