የጥልፍ ንግድ ሲጀመር፦ ከማሽኑ በፊት ምርቱ ይታሰብ

የጥልፍ ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የማሽኑን ዋጋ ነው፤ ይሁንና ለማሽንም ሆነ ለሶፍትዌር ምርጫ መነሻ መሆን የሚገባው፣ በምን ዓይነት ጨርቅ ላይ፣ ምን ያህል ስፋት ያለው ጥልፍ፣ በምን ያህል ብዛት ይሠራል የሚለው ጥያቄ ነው። በደንብ ልብስ ላይ የድርጅት ዓርማ የሚጠልፍ ባለሙያና በሐበሻ ቀሚስ ላይ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ መስቀል የሚጠልፍ ባለሙያ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ አንድ አይደለምና።

በኮምፒውተር የሚታዘዙ የጥልፍ ማሽኖች በጥቅሉ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ለቤት ውስጥ ሥራ የተዘጋጀው ባለ አንድ መርፌ ማሽን ሲሆን፣ ቀለም በተለወጠ ቁጥር ቆሞ ክሩ በእጅ እስኪቀየርለት ይጠብቃል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 15 መርፌ ያለው የንግድ ማሽን ነው፤ እያንዳንዱ መርፌ የየራሱን ክር ይዞ ስለሚቆም ማሽኑ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው በራሱ ይሻገራል። 20,000 ስፌት ያለው ባለ 6 ቀለም ጥልፍ በደቂቃ 800 ስፌት በሚሠራ ማሽን ቢያንስ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማሽኑ ባለ አንድ መርፌ ከሆነ ግን 5 ጊዜ ክር መቀየር ስለሚጨመርበት ሠራተኛው ከአጠገቡ ሊርቅ አይችልም።

ከመርፌው ብዛት ያላነሰ ትኩረት የሚያሻው ፍሬሙ፣ ማለትም ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ክፈፍ ነው። በአነስተኛ የቤት ማሽኖች ላይ የተለመዱት መጠኖች 10 በ10 እና 13 በ18 ሳንቲሜትር ናቸው። ይህ ለዓርማ ቢበቃም ረጅሙን የቀሚስ ጥልፍ በየክፍሉ ቆራርጦ መሥራትን፣ ጨርቁንም ደጋግሞ ፈትቶ መወጠርን ያስገድዳል፤ በየመጋጠሚያው የሚፈጠር ትንሽ ዝንፈት ደግሞ በነጭ ሸማ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የጥልፍ ማሽን ሥዕልን አያነብም፤ የሚያነበው መርፌው የት የት እንደሚወጋ የሚነግረውን ፋይል ነው። ሥዕልን ወደዚህ ዓይነቱ ፋይል የመለወጡ ሙያ ዲጂታይዚንግ ይባላል። ለዚህ እንደ ዊልኮም ያሉ በክፍያ የሚገኙ ሶፍትዌሮች ሲኖሩ፣ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ የሚጫነው ኢንክስቲች ግን በነጻ ስለሚገኝ ለጀማሪ መልካም መማሪያ ነው። የብራዘር ማሽኖች ፒኢኤስ፣ የጃኖሜ ማሽኖች ጄኢኤፍ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ሲጠቀሙ፣ ከታጂማ ማሽኖች የመጣውን ዲኤስቲ አብዛኞቹ የንግድ ማሽኖች ይቀበሉታል። ዲኤስቲ ስፌቱን እንጂ ትክክለኛውን የክር ቀለም ስለማይዝ የቀለሙን ቅደም ተከተል ለብቻው መመዝገብ፣ ለማረም የሚያገለግለውንም ዋና ፋይል በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሥዕልን በአንድ ትእዛዝ ወደ ስፌት የሚለውጥ ሶፍትዌር መኖሩ የባለሙያውን ዓይን አይተካም። በስፌት መስመሮች መካከል 0.4 ሚሊሜትር ያህል ርቀት መተው በወፍራም ጨርቅ ላይ ቢያምርም፣ ሳሳ ብሎ በተሸመነ ሸማ ላይ ግን ስፌቱ ሊከብድና ጨርቁን ሊያጨማድደው ይችላል። በዚህ ጊዜ ስፌቱን ማሳሳት፣ ከላይኛው ጥልፍ በፊት ጨርቁን የሚያረጋ የሥር ስፌት መስፋትና ከጨርቁ በታች በውኃ የሚሟሟ መደገፊያ ማንጠፍ ሥራውን ያቃናዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚከፈት የጥልፍ ቤት ሌላው መመዘኛ ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ካቆመበት ስፌት የሚቀጥል ማሽን የተጀመረን ቀሚስ ከብክነት ያድናል። ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን ደግሞ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ የአገር ውስጡን 220 ቮልት መቀበሉ ሳይረጋገጥ መሰካት የለበትም።

እንግዲህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊሸጥ ያሰበውን ጥልፍና የሚጠቀምበትን ጨርቅ ይዞ ሄዶ ማሽኑን በዓይኑ እያየ ያሠራው፤ መለዋወጫና ጠጋኝ በቅርብ መኖሩንም ያጣራ። ካለው ገንዘብም ለክር፣ ለመርፌ፣ ለመደገፊያና ለዲጂታይዚንግ ትምህርት የሚሆነውን አስቀድሞ ይለይ፤ ፋይል ማዘጋጀት ለማያውቅ ሰው ውድ ማሽን ብቻውን ጥሩ ጥልፍ አይሠራለትም።