ከልክ በላይ ያነሰ ውሻ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ውሻ ቤት ይጠብቃል፤ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። በውጭ አገር ግን ለጌጥ ብቻ የሚረባ ውሻ አለ። ቺዋዋ የሚባለው የሜክሲኮ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። አንዳንድ ነጋዴዎች ከዚህም አሳንሰው በውድ ለመሸጥ ትንሹን ከትንሿ፣ አንዳንዴም ወንድምን ከእህት ጋር ያገናኛሉ።

የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ፣ የቡችላው ራስ ትልቅ ስለሚሆን ምጥ ይጠናባታል። ሐኪም ሆዷን ቀዶ ካላዋለዳት ልትሞት ትችላለች። ቡችላውም ምግብ ለጥቂት ሰዓት ከዘገየበት ተንቀጥቅጦ ሊሞት ይችላል።

ነገሩ ለእኛም ትምህርት ነው። ሰውነቷ ያልጠና ጊደር በትልቅ የፈረንጅ ኮርማ ብትጠቃ እንደዚሁ ምጥ ይጠናባታል። ስለዚህ ለዘር ጤነኛውንና ጠንካራውን እንምረጥ፤ ዝምድና ያላቸውንም አናገናኝ። እንስሳ አፍ የለውም፤ ሊያስብለት የሚገባው የሚያራባው ሰው ነው።