የስኳር መድኃኒትና የደከመ ኩላሊት



በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ለዓመታት የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች አሉን። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት የጦርነት ወራት መድኃኒትና ክትትል የተቋረጠባቸውም ነበሩ። ስኳር ሳይስተካከል ሲቆይ ኩላሊትን ይጎዳል። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ትናንት የተስማማን ኪኒን ዛሬ ሊጎዳን ይችላል። ብዙ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነውና፣ ካልወጣ በደም ውስጥ ይጠራቀማል።

የኩላሊት አቅም የሚታወቀው ክሪያቲኒን በሚባል የደም ምርመራ ተሰልቶ ነው። ውጤቱ ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ኩላሊት ታሟል ማለት ነው።

1. ሜትፎርሚን፦ ራሱ ኩላሊትን አይጎዳም። ነገር ግን አቅሙ ከ45 በታች ሲወርድ መጠኑ ይቀነሳል፤ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል።

2. ግሊቤንክላማይድ፦ ለደከመ ኩላሊት አይመከርም። በሰውነት ውስጥ ቆይቶ ስኳርን እጅግ ያወርዳል። ከዚሁ ወገን ግሊፒዛይድ ወይም ግሊክላዛይድ ይሻላሉ።

3. ኢንሱሊን፦ በማንኛውም ደረጃ ይሰጣል፤ መጠኑ ግን ብዙ ጊዜ መቀነስ አለበት።

4. ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን፦ የኩላሊትን መዳከም ያዘገያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን የመድኃኒት ወገን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኳራችሁ ያለ ምክንያት መውረድ ከጀመረ «ተፈወስኩ» ብላችሁ መድኃኒት አትተዉ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳር ይወርዳል። ጌታ ይፈውሳል፤ የፈወሰውም በምርመራ ይታያል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተመርመሩ።

ጾም ጸሎት ከመያዛችሁ በፊትም ሐኪም አማክሩ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ጾሙን አቁማችሁ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም በአፉ አትስጡ፤ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት። ትውከትና ተቅማጥ ሲይዛችሁ ሜትፎርሚንን ስለማቆም ወዲያው ጠይቁ። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትውሰዱ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱና፣ «ኩላሊቴ ስንት ላይ ነው? ይህ መድኃኒት ይስማማዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አትቀይሩ፣ አታቋርጡም።

ጌታ ጤናችሁን ይጠብቅ።