ከአሮጌዎቹ ፊልሞች ሁለቱ

የሲኒማ ነገር በክርስቲያን ቤት ሲነሣ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ «ይታይ ወይስ አይታይ» በሚለው ላይ ብቻ ይቆማል። እኛ ግን ከዚህ አልፈን፥ የቀደሙ ዘመናትን ታሪክ ከሚያሳዩት አሮጌ ፊልሞች መካከል ደጋግመን አይተን ያልሰለቸናቸውን ሁለቱን ለክቡራን አንባብያን ልናስተዋውቅ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ዊሊያም ዋይለር ያዘጋጀው፥ በ1959 የወጣው «ቤን ሁር» ነው። ፊልሙ 11 የኦስካር ሽልማት እንደ ተቀበለና ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል እንደሚፈጅ ብዙዎች ያውቃሉ፤ የሠረገላውንም እሽቅድምድም የማያወሳ የለም። እሽቅድምድሙ በእውነት ግሩም ነው። እኛን የያዘን ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት የጌታችን ፊት አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም፥ ድምፁም አይሰማም።

ይሁዳ ቤን ሁር ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት በሰንሰለት ታስሮ ወደ መርከብ ቀዛፊነት ሲነዳ በናዝሬት ያልፋል። የሮማው አለቃ ውኃ ይከለክለዋል። በጥም ወድቆ ሳለ አንድ እጅ ያጠጣዋል። አለቃው ተቆጥቶ ይመጣል፤ ያጠጣው ሰው ግን ቀና ብሎ ይቆማል። እኛ የምናየው ጀርባውንና ጠጉሩን ብቻ ነው። የፊቱን ግርማ የምናነበው ከዚያ ጨካኝ ወታደር ፊት ላይ ነው፤ ሊናገር ይፈልጋል፥ ያቅተዋል፥ ዐይኑን መልሶ ይሄዳል። በኋላም ይሁዳ፥ መስቀል ተሸክሞ ለሚወድቀው ውኃ ይዞ ሲቀርብ፥ ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ያውቀዋል።

ይህ ጥንቃቄ ከመጽሐፉ ደራሲ ከሊው ዋላስ የመጣ ነው። በ1880 የታተመው ልብ ወለዱ በ1899 ለቴአትር ሲዘጋጅ፥ ማንም ሰው ክርስቶስን መስሎ በመድረክ እንዳይቆም ስለ ከለከለ፥ በዚያ ፈንታ የብርሃን ጨረር ብቻ ታየ። የአይሁድ ተወላጅ የነበረው ዋይለርም ይህንኑ አክብሮት ጠብቋል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በሰሙነ ሕማማት በየቤቱ ከሚታዩት ፊልሞች ብዙዎቹ አንድ ተዋናይ የጌታን መልክ ይዞ የሚጫወትባቸው ናቸው። ከምናስተምራቸው ሕፃናት አንዱን ስቅለቱን ሣል ብንለው፥ ሥሎ ያመጣልን የተዋናዩን ፊት ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ የሚያየው ቅዱስ ሥዕል አልመጣለትም። ያው ተዋናይ ነገ ሽፍታ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ልጁን አልተቆጣነውም፤ ወላጆቹን ግን አነጋገርን።

ሁለተኛው የሩስያው አንድሬይ ታርኮቭስኪ በ1966 የፈጸመው «አንድሬይ ሩብልዮቭ» ነው። በአገሩ ባለሥልጣኖች ታግዶ ቆይቶ ለሶቪየት ሕዝብ የቀረበው በ1971 ነው። ሩብልዮቭ በ15ኛው ምእት ዓመት የሠራ መነኩሴና ሠዓሊ ሲሆን፥ የሩስያ ቤተ ክርስቲያን በ1988 ከቅዱሳን ቈጥራዋለች። እኛ ሐምሌ 7 ቀን የምናከብረውን የሥላሴን በአብርሃም ቤት መግባት በሦስት መላእክት አምሳል የሣለው እርሱ ነው።

ፊልሙ ግን ሩብልዮቭ ቅዱስ ሥዕል ሲሥል አያሳየንም። የሚያሳየን፥ ታታሮች ቭላዲሚርን ሲዘርፉ አንዲት ምስኪን ሴት ለማዳን ሰው ከገደለ በኋላ፥ ለንስሐ ብሎ ዓመታት ሙሉ ዝም ሲል ነው። ከዚያ ቤተ ሰቡን ወረርሽኝ የፈጀበት ቦሪስካ የተባለ ልጅ ይመጣል። ደወል ሠሪ የነበረው አባቱ ሲሞት ምሥጢሩን እንደ ነገረው ተናግሮ ለመስፍኑ ታላቅ ደወል ሊያፈስስ ይቀበላል። ሸክላ ፍለጋ በዝናብ ይንከራተታል፥ ጕድጓድ ያስቆፍራል፥ ከመስፍኑ ብር ያስጠይቃል። ደወሉ ካልጮኸ አንገቱ እንደሚቀላ ሁሉም ያውቃል።

ደወሉ ይጮኻል። ልጁ ግን ጭቃ ላይ ወድቆ እያለቀሰ፥ አባቱ ምሥጢሩን ሳይነግረው እንደ ሞተ ይናዘዛል። መነኩሴውም አቅፎት ዝምታውን ያፈርሳል፤ አንተ ደወል እየሠራህ እኔም እየሣልሁ አብረን እንሂድ ይለዋል። ከየኔታ እግር ሥር ዜማ ወይም ቅኔ የተማረ ሰው፥ አንድ ሽማግሌ ሲሞት ስንት ትምህርት አብሮ እንደሚቀበር ስለሚያውቅ፥ ይህን ክፍል እንደ ሌላው ተመልካች አያየውም።

ለወላጆች እንንገር፤ ፊልሙ ለሕፃናት አይሆንም። ዘረፋው አሰቃቂ ነው፥ በአረማውያኑ ሌሊትም ዕርቃን አለ። ለቀረጻው ሲባል ፈረስ መገደሉንም አንወደውም። ይሁን እንጂ ልጆቹን በፍጻሜው መጥራት ይቻላል። ሦስት ሰዓት ያህል በጥቁርና በነጭ የቆየው ፊልም በዚያ በቀለም ይሞላል፤ የሩብልዮቭ ሥዕሎች አንድ በአንድ፥ ከነስንጥቃቸው ቀርበው ይታያሉ። ከዚያም በወንዝ ዳር፥ በዝናብ ውስጥ የቆሙ ፈረሶች።