የአካል ጉዳት ያለበት ሰውና የልብ ምርመራ

ልብ በሥራ ካልተፈተነ በቀር ሕመሙን ቶሎ የማይገልጥ የሰውነት ክፍል ነው። ለልብ ሥጋ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ቢጠብቡም እንኳ፥ ሰውየው ተቀምጦ ሳለ የሚያልፈው ደም ስለሚበቃው ምንም ላይሰማው ይችላል። ዳገት ሲወጣ፥ ሸክም ሲያነሣ ወይም ሲቸኩል ግን ልብ የበለጠ ደም ይፈልጋል፤ የጠበበውም ቧንቧ የሚፈለገውን ያህል ማሳለፍ ስለማይችል ደረት ይጨነቃል፥ ትንፋሽም ያጥራል። ብዙ ሰዎች የልብ ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቁት በዚህ ዐይነት ነው፤ ሕመሙን የሚነግራቸው ዳገቱ ነው።

እንግዲህ ዳገት የማይወጣውን ሰው ማን ይነግረዋል? በልጅነቱ በልምሻ፥ ማለት በፖሊዮ፥ እግሩ የሰለለ፥ በአደጋ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ የተቆረጠ፥ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው «እኔን ደረቴን አሞኝ አያውቅም» ቢል ቃሉ እውነት ነው፤ ስለ ልቡ ጤንነት ግን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ልቡ ገና አልተጠየቀምና።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም ምክንያት አለ። በሁለት ክራንች ሰውነትን አንሥቶ መራመድ በሁለት እግር ከመሄድ እጅግ የሚበልጥ ድካም አለው፤ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ በሰው ሠራሽ እግር ለሚሄድም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲያለከልክ ቢታይ፥ ድካሙ የአካሄዱ ሊሆን ይችላል፤ የልቡም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙም፥ ቤተ ሰቡም፥ አንዳንድ ጊዜም ሕመምተኛው ራሱ «ይህማ የእግሩ ነገር ነው» ብለው ይተዉታል። በእኔ አስተያየት ከመሣሪያ እጦት ይልቅ የሚያሳስበው ይህ አነጋገር ነው።

ለመለየት የሚረዳው ቀላል ዘዴ ሰውየውን ከሌላ ሰው ጋራ ሳይሆን ከራሱ ጋራ ማስተያየት ነው። በክራንች የሚሄድ አንድ መምህር ባለፈው ዓመት ከቤቱ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ዐርፎ ትምህርት ቤቱ ይደርስ ነበር እንበል። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ የሚያርፍ ከሆነ፥ መንገዱም ያው፥ እግሩም ያው፥ ክራንቹም ያው ነውና፥ በውስጡ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። የተለወጠው የግድ ልብ ነው አንልም፤ የደም ማነስ፥ የሳንባ ሕመም፥ የክብደት መጨመርም እንዲህ ያደርጋሉ። በልምሻ የተጎዱ ሰዎችም ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ጥንት ደኅና በነበሩት ጡንቻዎቻቸው ሳይቀር፥ አዲስ ድካም ሊያገኛቸው ይችላል። አፍሪካ ከተፈጥሮአዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ በ2012 ዓ.ም. ታውጇል፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ በሕፃንነታቸው የታመሙት ዛሬ አድገው ከእነርሱ ብዙዎቹ የልብ ሕመም ወደሚበዛበት ዕድሜ በመድረስ ላይ ናቸው።

የእግር እብጠትም ያሳስታል። የሰለለ እግር ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ሲውል ልብ ሳይታመም ሊያብጥ ይችላል። ነገር ግን እብጠቱ ሁለቱንም እግሮች ከያዘና ሰውየው ሌሊት በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ እያጠረው ትራስ መደራረብ ከጀመረ፥ ምርመራው ለነገ የሚባል አይደለም።

ይህን ስንል የአካል ጉዳት ያለበት ሁሉ ልቡን ይመርመር ማለታችን አይደለም። የሰለለ እግር የልብ በሽታ አይደለም። ምንም ምልክት የሌለበት፥ የደም ግፊቱና ስኳሩ ደኅና የሆነ፥ ትምባሆ የማያጨስ ወጣት በመሣሪያ ብዛት የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ጤነኛውን ልብ የታመመ አስመስሎ የሚያሳይ ውጤት ወጥቶ ወደማያስፈልግ ጭንቀትና ወጪ ሊመራው ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ደንብ የሚለዩ አሉ። አንዳንድ ከዘር የሚወረሱ ጡንቻን የሚያመነምኑ በሽታዎች፥ ልብም ጡንቻ ነውና፥ ልብን ጭምር ያጠቃሉ፤ እነዚህን የያዘው ልጅ ምልክት ሳይጠበቅ በየጊዜው ሊመረመር ይገባዋል። የጀርባ አጥንቱ እጅግ የተጣመመ ሰውም ሳንባው ስለሚጨነቅ በጊዜ ብዛት የልቡ ቀኝ ወገን ሊደክም ይችላል።

ምርመራው የሚጀምረው ርካሽ ከሆነው ነው። ይኸውም የደም ግፊትን መለካት፥ የልብን ትርታ መቍጠርና በማዳመጫ ማድመጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። በክራንች የሚሄድ ወይም ወንበሩን በእጁ የሚገፋ ሰው ክንዱ የደነደነ ይሆናል፤ ለክንዱ የጠበበ መጠቅለያ ከታሰረበት የደም ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል። ሰፊው መጠቅለያ እንዲመጣለት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚጽፈው መሣሪያ፥ ኤሌክትሮካርዲዮግራም፥ ይመጣል። አንዳንድ ሰው ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነቴ ይገባል ብሎ ይፈራዋል፤ መሣሪያው ግን ከልብ የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ የሚያስገባው የለም። ሽቦዎቹ በእጅና በእግር ላይ የሚለጠፉ ስለ ሆነ፥ እግር የሌለው ሰው «እኔን አይሆነኝም» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ነገር ግን በቀረው የእግሩ ክፍል ወይም ከፍ አድርጎ በገላው ላይ ቢለጠፍ ይሠራል። ሦስተኛው በድምፅ ሞገድ የልብን ሥዕል የሚያሳየው ኤኮ ነው። ሕመም የለውም፥ ጨረርም የለውም። ሕመምተኛው በግራ ጎኑ እንዲተኛ ይፈለጋል፤ ጀርባው የተጣመመ ከሆነ ትራስ ደግፎ፥ ወይም ከጎድን በታች በኩል ማየት ይቻላል። በአገራችን ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ የልብ ሕመም የልብን በሮች ስለሚያበላሽ፥ አለምክንያት ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ በክራንች ቢሄድም ባይሄድም ይህ ምርመራ ሊነፈገው አይገባም።

ዋናው ችግር የሚገኘው ልብን በሥራ በሚፈትነው ምርመራ ላይ ነው። ሮበርት ብሩስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው፥ ዛሬም የሚሠራበት ሥርዓት፥ ሰውየውን በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ አቁሞ በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱንና ዳገቱን ይጨምርበታል። ልብ በቂ ሥራ ሠርቷል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ የቀረውን 85 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ለ50 ዓመት ሰው ይህ በደቂቃ 145 ትርታ ያህል ነው። እግሩ የደከመ ሰው እዚህ ሳይደርስ እግሩ ያቆመዋል። ከዚህ የተነሣ የሚወጣው ውጤት «ጤነኛ» ሳይሆን «አልታወቀም» ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አደገኛ ነው። በውጭ አገር በተማርሁበት ሆስፒታል አንድ እግር ብቻ በነበረው ሰው ወረቀት ላይ «ሊመረመር የማይችል» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። የማይችለው ምንጣፉ ነበር እንጂ ሰውየው አልነበረም።

ሌላ መንገድ አለና። አንደኛው በእጅ የሚዞር ፔዳል ነው፤ ጉዳቱ እጅ ከእግር ያነሰ ጡንቻ ስላለው ልብን እስከሚፈለገው ድረስ ላያደርስ መቻሉ ነው። ሁለተኛው የመድኃኒት ፈተና ነው። ዶቡታሚን የተባለው መድኃኒት በደም ሥር በኩል ጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ሲሰጥ፥ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ልቡ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይመታል፤ ሐኪሙም በኤኮ ይመለከታል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኀይሉ ይጠፋል። እንደ አዴኖሲን ያሉ የልብን ቧንቧዎች የሚያሰፉ መድኃኒቶችም አሉ፤ እነዚህን ቡና ስለሚሽራቸው ቢያንስ ከ12 ሰዓት በፊት፥ ብዙ ሆስፒታሎች እንደሚያዝዙትም ከ24 ሰዓት በፊት፥ ቡናና ሻይ መተው ያስፈልጋል፤ አስም ላለበትም አይስማሙም። ከዚህ ሌላ ቧንቧዎቹን ራሳቸውን በሲቲ ስካን ማየት ይቻላል። ለዚህ የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል። ነገር ግን ጡንቻው የመነመነ ሰው ክሬያቲኒን የተባለው መለኪያው ኩላሊቱ ቢደክምም ዝቅ ብሎ ስለሚታይ፥ ስለ ጡንቻው ሁኔታ ለሐኪሙ ማስታወስ ይገባል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ምርመራዎች በየሆስፒታሉ የሚገኙ ባለመሆናቸው፥ ከመጓዝ በፊት በስልክ መጠየቅ መንገድንም ገንዘብንም ያድናል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ቍርጡን ነገር የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ሐኪሙን «ይህ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? ውጤቱስ ሕክምናዬን ይለውጠዋልን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ «አይለውጠውም» ከሆነ፥ የደም ግፊቱን መድኃኒት እየወሰደ ትምባሆውን ትቶ ምርመራውን ቢተወው የሚያስነቅፈው ነገር የለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ25ኛው አንቀጹ፥ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ከሌላው ጋራ እኩል ሕክምና እንዲያገኝ፥ የሚደረግለትም ተረድቶ በፈቀደው መሠረት እንዲሆን ይደነግጋል። እንግዲህ አብሮ የመጣው ወንድም ወይም እኅት ስለ እርሱ መልስ መስጠት የለባቸውም፤ ሐኪሙም ከወንበሩ በላይ አሻግሮ እነርሱን መጠየቅ የለበትም።

ኅብለ ሰረሰሩ ከደረቱ ከፍ ብሎ የተጎዳ ሰው ግን ሁለት ነገር ለይቶ ይወቅ። ለምርመራ ከመተኛቱ በፊት ፊኛውን ባዶ ያድርግ፤ የሞላ ፊኛ የደም ግፊቱን በድንገት ወደ አደገኛ ከፍታ ሊያወጣው ይችላልና። ደግሞም የልብ ሕመም በእርሱ ላይ ያለ ደረት ውጋት ሊመጣ ስለሚችል፥ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፥ ያልተለመደ ላብ፥ ማቅለሽለሽ ወይም የመንጋጋና የትከሻ ሕመም ሲያገኘው፥ ምርመራ ልግባ አልግባ እያለ ሳያመነታ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።