ለትንሽ እባብ ምን ዓይነት የውሃ ዕቃ?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ዘንድ እባብ ቤት ውስጥ ከታየ የሚፈለገው ዱላ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን እባብን እንደ ድመትና ውሻ ቤታቸው የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ገና ከዕንቁላል ለወጣች እባብ ውሃ የሚሰጧት በምንድን ነው? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ቨርጂኒያ የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ግን አስለቅሶታል።

ልጁ የገዛት ኮርን ስኔክ የሚባለውን ዓይነት ነው። አገሯ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው፤ መርዝ የላትም። ስሟ የመጣው በበቆሎ ጎተራ አካባቢ አይጥ ስታድን ስለምትገኝ ነው ይባላል። ስትፈለፈል ርዝመቷ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ውፍረቷ ከእርሳስ አይበልጥም። እናቷ ዕንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች እንጂ ልጆቿን አታሳድግም። ስለዚህ ትንሿ እባብ ያላት ሰው የሰጣት ብቻ ነው።

የሸጠለት ሰው «ማንኛውም ዕቃ ይሆናል» አለው። እሱም ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ አስቀመጠላትና ቤተሰቡ ቅዳሜና እሁድን ሌላ ከተማ ዋለ። ሲመለሱ ኩባያው ተገልብጧል፣ ውሃው የለም። ቆዳ የምትለውጥበት ጊዜ ነበርና አሮጌው ቆዳ ጅራቷ ጫፍ ላይ ደርቆ ቀረ። እንዲህ የቀረ ቆዳ እንደ ክር አንቆ ደም ይከለክላል። ጫፉ ጠቁሮ ወደቀ። «እኔን ከእባቧ ይልቅ የልጁ ለቅሶ አስፈራኝ» አለችኝ አክስቴ በስልክ።

አጠጣጧን እንወቅ

ብዙዎቻችን እባብ በምላሷ የምትጠጣ ይመስለናል። ምላሷ ግን ለማሽተት ነው። በአሜሪካ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ከንዳልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ አንዳንድ እባቦች በታችኛው መንጋጋቸው ያለው እጥፋት እንደ ስፖንጅ ውሃ እንደሚመጥ፣ ጡንቻም እየጨመቀ ወደ ውስጥ እንደሚልከው አሳይተዋል። ለዚህ ሥራ አፏን ማስነካት ይበቃታል፤ ጥልቅ ውሃ አያስፈልጋትም።

ዕቃው ሲመረጥ

አንደኛ፣ ዝቅ ያለ ይሁን። ሆዷ መሬቱን እንደነካ ጭንቅላቷን ከውሃው በላይ ማውጣት አለባት። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የሲኒ ማስቀመጫ ሰሃን ነው። ሲኒው ራሱ አይሆንም፤ ጠባብ ነው፣ ይገለበጣልም።

ሁለተኛ፣ ከባድ ይሁን። እባብ ከሥር መግባትና መግፋት ትወዳለች። የተደፋ ውሃ ሁለት ጉዳት አለው፦ እሷ ትጠማለች፣ ምንጣፏም ይረጥባል። በእርጥብ ላይ የምትሰነብት እባብ የሆዷ ቅርፊት ይቆስላል።

ሦስተኛ፣ ተጠቅልላ የምትገባበት ስፋት ይኑረው፤ ውስጡም ስንጥቅ የሌለው፣ በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን። አንገቱ የጠበበ ዕቃ ግን አደገኛ ነው፤ ገብታ ልትቀረቀር ትችላለች።

እዚህ ላይ ዝርያም ይለያል። ከምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ የምትመጣው ቦል ፓይተን ከኮርን ስኔክ የበለጠ እርጥብ አየር ስለምትፈልግ ሰፋ ያለ ዕቃ ይስማማታል። ለኮርን ስኔክ ግን ትልቅ ገበቴ ማስቀመጥ ሳጥኑን ማራስ ነው።

ቦታውና ጽዳቱ

ዕቃው በሳጥኑ ቀዝቃዛ በኩል ይቀመጥ። በሞቃቱ በኩል ከሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ አየሩም ከልክ በላይ ይረጥባል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ እባብ እውስጡ ትጸዳዳለችና። ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይበቃል። ሆኖም የሰው ምግብ በሚሠራበት ቦታ አይታጠብ፤ እባቦች ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ከታጠበ በኋላ እጅንም በሳሙና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እባቧ ቀኑን ሙሉ ውሃው ውስጥ ተኝታ ከዋለች «መዋኘት ወዳለች» ብሎ መሳቅ አይገባም። ሳጥኑ ሞቋት ወይም ተባይ ይዟት ይሆናል። ውሃው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ተባይ ነው ማለት ይቻላል። የእንስሳ ሐኪም የሚጠራው ያኔ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁን ከባድ የሸክላ ሰሃን አለው። እባቧም ጅራቷ ቢያጥርም ደህና ናት። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ውሃውን የምትለውጠው ማን መሰለቻችሁ? አክስቴ! «ምን ላድርግ» ትላለች፣ «አንዴ ቤቴ ከገባች ውሃ አልከለክላት!»