ታንዱሪ ጂንጋ

ታንዱሪ ጂንጋ በእርጎና በቅመም ተለውሶ፣ በዘንግ ላይ ተሰክቶ በኃይለኛ እሳት የሚጠበስ የሰሜን ሕንድ የሽሪምፕ ምግብ ነው። «ጂንጋ» በሂንዲ ሽሪምፕ ማለት ነው፤ «ታንዱር» ደግሞ ከሸክላ የሚሠራ፣ በከሰል ወይም በእንጨት የሚነድ ጥልቅ ምድጃ ነው። ታንዱር በሌለበት በከሰል ምድጃ ላይ በተዘረጋ ፍርግርግ ብረት ሊጠበስ ይችላል። አንዳንዶች በሽሪምፖቹ መካከል አናናስ ይሰካሉ።

ታሪክ

ታንዱር በፑንጃብ አካባቢ ለረጅም ዘመን የቂጣና የዳቦ መጋገሪያ ሆኖ አገልግሏል። በ1947 እ.ኤ.አ. ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከፔሻዋር ወደ ዴልሂ የተሰደዱ ሰዎች ያቋቋሙት ሞቲ ማሃል የተባለው ምግብ ቤት ታንዱሪ ዶሮን ታዋቂ አደረገ። በዚሁ ዘዴ ዓሣ፣ ሽሪምፕና አይብም ይጠበሳሉ። ዛሬ ከሕንድ ምግብ የማይለዩት በርበሬና አናናስ መነሻቸው አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ሕንድ ያስገቧቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው።

ቅመሞች

አብዛኞቹ ቅመሞች በኢትዮጵያ ገበያ ይገኛሉ። በሕንድ «አጅዋይን» የሚባለው ከዓሣና ከሽሪምፕ ጋር የሚወደደው ቅመም የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው። ለግማሽ ኪሎ የተላጠ ሽሪምፕ የሚከተለው ይበቃል፦

* ውኃው የተጠለለ ወፍራም እርጎ፦ ግማሽ ኩባያ
* የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
* የተቆላ የሽምብራ ዱቄት፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
* ከሙንና የደረቀ ቃሪያ ዱቄት፦ እያንዳንዳቸው 1 የሻይ ማንኪያ
* እርድና ነጭ አዝሙድ፦ እያንዳንዳቸው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
* ሎሚ፣ ዘይትና ጨው

እርጎው ቀጭን ከሆነ ቅመሙ ወደ እሳቱ ይንጠባጠባል። የሽምብራው ዱቄት ቅመሙን ከሽሪምፑ ጋር ያጣብቃል።

አሠራር

ሽሪምፑ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ከዚያም በቅመሙ ተለውሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ብዙ መቆየት የለበትም፤ የሎሚውና የእርጎው አሲድ የሽሪምፑን ፕሮቲን ስለሚለውጥ ሥጋው ይደርቃል። የእንጨት ዘንግ እንዳይቃጠል አስቀድሞ 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሁለት ዘንግ ጎን ለጎን ከተሰካ ሽሪምፑ ሲገለበጥ አይሽከረከርም። የከሰሉ ነበልባል ጠፍቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ በእያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጠበሳል።

አናናስ ለምን ይለያል?

ጥሬ አናናስ ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ብሮሜሌን የተባለ ኢንዛይም አለው። ስለዚህ ጭማቂው ከቅመሙ ጋር ከተቀላቀለ ሽሪምፑ ይላሽቃል። አናናሱ መሰካት ያለበት ሊጠበስ ሲል ነው። ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያጠፋው የታሸገ አናናስ ይህ ችግር የለበትም። ጥሬ ፓፓያም ፓፔይን የተባለ ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው።

ብስለትና ጥንቃቄ

በሽሪምፕ ቅርፊትና ሥጋ ውስጥ አስታዛንቲን የተባለ ቀይ ቀለም አለ። ጥሬ ሳለ ከፕሮቲን ጋር ስለተጣበቀ አይታይም፤ ሙቀት ፕሮቲኑን ሲፈታው ግን ሽሪምፑ ይቀላል። ይሁን እንጂ ቅመሙ ራሱ ቀይ ስለሆነ በቀለም ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ሽሪምፑ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ ነጭና ብርሃን የማያሳልፍ መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ላለው ሰው በአሜሪካ የሚመከረው የውስጥ ሙቀት 63 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው።

ጥሬ ሽሪምፕ የነካው ቅመም ሳይፈላ በበሰለው ላይ መፍሰስ የለበትም። የሽሪምፕ አለርጂ ለሕይወት ሊያሰጋ ስለሚችል እንግዳን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ከተቀጣጠለ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል፤ ስለዚህ የሚጠበሰው ደጅ ነው።

ሽሪምፕ ለማይበላ ሰው በዚሁ ቅመም «ዓሣ ቲካ» ይሠራል። ለዚህ ሥጋው ጠንከር ያለ ዓሣ ያስፈልጋል፤ ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ናይል ፐርች አንዱ ነው።